የወንድምጋሼ አፍንጫ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ቤቱስ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ለቆሻል ወይስ አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽስ ከሳሉ አገገመ? ሲጋራውን ተወ ወይስ ጓሮ እየዞረ ያጨሳል? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ኳስ ይጣላሉ? ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ትንሽ ነው ብለሽ የምትተዪው ነገር አይኑር። እዚህ ሆኜ የሚያጠግበኝ ትንሹ ነገር ነው።

እማዬ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? እትዬ ይህን ስታነብልሽ ጆሮሽን በመዳፍሽ ደግፈሽ ወደ እሷ ዘንበል እንደምትዪ ይታየኛል። ዓይንሽን ከተሠራሽ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ራስሽ ታስገቢያለሽ ሲሉኝ ከደስታዬ ብዛት ሱቅ ውስጥ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጠብታውን ግን "ይቆጠቁጠኛል" እያልሽ ጠርሙሱን ከትራስ ሥር እንደምትደብቂም ሰምቻለሁ። ሩቅ ናት ብለሽ እንዳትሸውጂኝ፤ ወሬ አቀባይ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ገበያው አንዳንድ ቀን ይሮጣል፣ አንዳንድ ቀን ያዛጋል። ወንድምጋሼም ይበላል፣ ይተኛል፣ ዜና ሲሰማ እንደ ድሮው ከሬዲዮው ጋር ይጣላል። ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

እትዬ፣ ለእማዬ እስከዚህ ድረስ አንብቢላት። ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ብቻ ነው። "ምነው ዛሬ አጠረ?" ካለችሽ "ገበያ በዝቶባት ነው" በያት። ደስ ስለሚላት አትጠረጥርም።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ወንድምጋሼ አገር ቤት ሲገባ እንዲሠራበት የምታሠሪለት ጋራዥ ወለሉ ተልሶ ደርቋል፣ የበሩን ስፋት ንገሩኝና ብረት ሠሪውን ልዘዘው ብለሽኝ ነበር። በሩን አታዢ። ወንድምጋሼ መጥቶ እዚያ ወለል ላይ መኪና የሚፈታ አይመስለኝም። ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ስንደውል ምንጊዜም አጠገቤ ስለሚቆም ነው፤ ባይቆምም ድምፄ ያሳብቅብኛል። ወረቀት ላይ ግን ራሴን መግዛት እችላለሁ። ሱቅ ስዘጋ የዋልሁትን መጻፍ ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ "ነጋዴ ሆነሽ ወሬሽን ትመዘግቢያለሽ" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። በዚሁ ልማድ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽና አንቺም እንደ እኔ ቀስ እያለ ይግባሽ።

የወንድምጋሼን አፍንጫ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠሽ ሳታውቂ፣ እሱ ከአጥር ውጭ ኳስ እየተጫወተ "እትዬ፣ አረረብሽ!" ብሎ ይጮህ ነበር። አንቺም ድስቱን አውጥተሽ "ይህ ልጅ አፍንጫው ነው ወይስ ሰላይ ነው?" ትዪ ነበር። ያ አፍንጫ እዚህ መተዳደሪያው ሆነ። በሰፈራችን ስሙን የሚያውቅ የለም፤ "አፍንጫው" ነው የሚሉት። ሌሎች መካኒኮች መመርመሪያ ኮምፒውተራቸው ግራ ሲያጋባቸው መኪናውን እየገፉ ወደ እሱ ያመጣሉ። እኔ እዚህ ከሚሠራበት ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ቀጭኗን መንገድ ተሻግሬ፣ ከመለዋወጫ ሱቄ ባንኮኒ ኋላ ሆኜ ስንቱን ሲያድን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ላስረዳሽ፤ ያለዚያ ቀሪው አይገባሽም። የአሁን መኪኖች ጭስ ማውጫቸው ላይ ካንዴላ የምትመስል፣ ጣት የምታህል ዕቃ አለቻቸው፤ ኦክስጅን ሴንሰር ትባላለች። ሥራዋ በጭሱ ውስጥ ምን ያህል አየር ተርፎ እንደወጣ አይታ ለመኪናው ኮምፒውተር መንገር ነው። አየር በዝቷል ካለች ኮምፒውተሩ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይጨምራል፤ አየር የለም ካለች ይቀንሳል። ታዲያ ቱቦው ከእሷ በፊት ተሰንጥቆ የውጭ አየር ከሳበ፣ እሷ ያየችውን አየር "በዝቷል" ብላ ትናገራለች። አልዋሸችም። ኮምፒውተሩ ግን የጠገበውን ሞተር ተርቧል ብሎ ያጠጣዋል፣ ያጠጣዋል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ያልቃል። ብዙ መካኒክ ይህን ሲያይ ሴንሰሯን ነው የሚቀይረው። እኔ ሻጭ ነኝና ቅር አይለኝም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ወንድምጋሼ ለዚህ ሕግ ነበረው። "ሴንሰሯን ከመክሰሳችሁ በፊት ምስክር ስሙ" ይላል። ምስክሩ አፍንጫው ነበር። ሞተሩ እየሠራ ወደ ኋላ ይዞርና መዳፉን እንደ ዋንጫ አድርጎ ጭሱን ቀድቶ ወደ ፊቱ ያመጣል። መሣሪያው ቤንዚን አንሷል እያለ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተው፣ ንባቡ ሐሰት ነው፤ ስንጥቅ ወይም የተበላሸ ሽቦ ይፈልጋል። ካልሸተተው ግን ንባቡ እውነት ነው፣ ቤንዚን በእርግጥ አንሷል፤ ወደ ፓምፑና ወደ ቤንዚን መርጫዎቹ ይሄዳል። መንገዱ ሁለት ነው። በየትኛው እንደሚሄድ የምትነግረው ያቺ አንዲት ማሽተት ናት።

ከክረምቱ በፊት አንዲት የዳቦ መኪና መጣች። ሾፌሩ አፉ የማያርፍ፣ ሰውን ሳያስቅ የማይሄድ ሰው ነው። "አፍንጫው፣ ይቺ ሴትዮ ጠጪ ሆናብኛለች፤ እባክህ ምከርልኝ" አለው። የሞተር መብራቷ በርቷል፣ መሣሪያው ቤንዚን አንሷል ይላል። ወንድምጋሼ ወደ ኋላ ዞረ፣ ቀዳ፣ አሸተተ፣ "ንባቡ እውነት ነው" አለ። የቤንዚን ፓምፕ ከእኔ ወስዶ ቀየረ። መኪናዋ ተመለሰች። መርጫዎቹን አወጣና አጠበ። ተመለሰች። በመጨረሻ "ሴንሰሯ ናት" ብሎ አዲስ አሰረላት፤ ያም አልበቃ ብሎ ሌላ አዲስ አሰረላት። ሾፌሩ መሳቅ ቀነሰ።

አንድ ረፋድ ላይ ወንድምጋሼ ሁለቱን ሴንሰሮች በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዷን ተሻገረና ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጣቸው። ሱቁ ውስጥ ገዢዎች ነበሩ። "ዕቃሽ ፎርጅድ ነው" አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በእኛ ሥራ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከታሰረ አይመለስም፤ ግድግዳዬ ላይ በቀይ ጽፌ ሰቅያለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጣቴን ወደ ጽሑፉ እቀስር ነበር። የእሱን ተቀበልሁ። ሲወጣ አንዱ ገዢ "ወንድምሽ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንበል?" ብሎ እጁ ላይ የነበረውን ዕቃ መልሶልኝ ሄደ።

ቆሽቴ አርሮ ዋለ። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስናደድ ነገር መፈተን ነው የሚቀናኝ። ተመሳሳይ መኪና ያለው አንድ ደንበኛዬን ለምኜ ሁለቱን ሴንሰሮች ተራ በተራ አሳሰርሁ። ንባቡ በመሣሪያው ላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ዕቃዬ ንጹሕ ሆኖ በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሁለቱንም ደግሜ አሳሰርሁ። ዕቃው ደህና ከሆነ የተሳሳተው እሱ ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሥራ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ዓይኑ ደክሞ የመሣሪያውን ቁጥር አዛብቶ አንብቦት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ መነጽር ልገዛለትም አሰብሁ።

በማግስቱ የዳቦው ሾፌር ዳቦ እንደ ድንጋይ ወርውሮ የወንድምጋሼ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። "ይኸው ሥራህ! ሱቆቹ ሁሉ መለሱብኝ። አንዷማ 'ዳቦ ነው ወይስ የመካኒክ ጨርቅ?' አለችኝ" ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን ሰምቼ ተሻገርሁና ዳቦውን አንስቼ ወደ ፊቴ ሳቀርበው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቤንዚንና ጥቀርሻ ጠጥቷል። አጠገባችን የሚሠራው በያጅ ተቀበለኝና አሽትቶ "እኔ ጋ እንዳታመጡት፣ እሳት ላይ ነው የምውለው" አለ። ሁሉም ሳቀ። ወንድምጋሼ ዳቦውን ከበያጁ እጅ ወሰደ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ አላመጠና ዋጠ። "ምን ሆናችኋል? ደህና ዳቦ ነው። ትንሽ ጨው አንሶታል" አለ።

ሾፌሩ በሳቅ ወገቡን ያዘ። "ጨው አንሶታል ይለኛል! ሰው በመኪናው ከስሮ በሳቅ ይሙት እንዴ?" በያጁም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እንደ ቀልድ ነው የወሰዱት። ወንድምጋሼ ግን ሁለተኛውን ጉርሻ እየቆረሰ ነበር። እትዬ፣ እየቀለደ አልነበረም። ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ ስላልገባው፣ እነሱን መስሎ ለመሳቅ ሲሞክር ፊቱን አየሁት። አንጀቴን በላው።

"እስቲ መኪናዋን አስነሳት" አልሁት ሾፌሩን። ወደ ኋላ ዞሬ እሱ እንደሚያደርገው መዳፌን እንደ ዋንጫ አድርጌ ቀዳሁ። ለማሽተት መቅዳትም አያስፈልግም ነበር፤ ጉሮሮዬን ነው የያዘኝ። ወንድምጋሼ አጠገቤ ቆሞ እሱም ቀዳ፣ በረጅሙ ሳበ። "አየሽ? ምንም የለም። ንባቡ እውነት ነው" አለኝ። "አዎ" አልሁት። ሌላ ምን ልበለው? ትከሻችን ተነካክቶ፣ አንድ ጭስ ውስጥ ቆመን፣ እኔ እያሳለኝ እሱ ደህና አየር እንደሚስብ ሰው ነበር።

ምሳ ሊበላ ሲሄድ በያጁንና ሾፌሩን ጠራሁ። ነገሩን በሙሉ አልነገርኋቸውም፤ ጉንፋን ይዞት ነው አልሁ። በያጁ እርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አፍኖ ያዘ፣ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የሳሙና ውሃ እየረጨሁ አየሁ። ቱቦው ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ዝቅ ብሎ አረፋው ፈላ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ናት። በያጁ በየዳት፣ ከመለሰልኝ ሁለት ሴንሰሮች የመጀመሪያዋን መልሰን አሰርን፣ ንባቡ ትንፋሹን አገኘ። ሾፌሩን "ከጠየቀህ አዲሷ ሴንሰር ተመልሳ ስትታሰር ተስማማቻት በል" አልሁት። "ለአፍንጫው ከሆነ አዳሜን ሁሉ እዋሻለሁ" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን መዋሸት አይችልም። በማግስቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ "እጅህ ይባረክ! ተአምር ነው! እንዳንተ ያለ አልተወለደም!" ማለት ሲጀምር ሱቄ ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን ነከስሁ።

ወንድምጋሼ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲሰማ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አይደለም። ኮፈኑን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ቆየ። አውራ ጣቱን አዲሱ ብየዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትተው ከባንኮኒዬ ይታየኛል። ከዚያ በያጁን ሳይሆን እኔን ጠራኝ። ስሄድ ቀና ሳይል "ሸትቶሽ ነበር?" አለኝ። "አዎ" አልሁት። "በያጁንም?" "አዎ።" "ሾፌሩንም?" ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

ወንድምጋሼ ወደ መደርደሪያው ሄደ። የቤንዚኑን ጀሪካን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ከደነው። የቀለም ማቅጠኛውን ከፍቶ አሸተተ፣ ከደነው። የፍሬን ዘይቱን፣ የባትሪ አሲዱን፣ ጎሚስታው የሚጠቀምበትን ማስቲሽ፣ ሁሉንም በተራ ከፈተና ከደነ። እያንዳንዱን ክዳን እስከመጨረሻው ነበር የሚያጠብቀው፤ ሰው ዕቃውን አጣጥፎ ቤት እንደሚለቅ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና "ውሃ ነው፤ ሁሉም ውሃ ነው" አለ። ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪም ቤት የወሰድሁት ጎትቼ ነው ማለት ይቻላል፤ "ለአፍንጫ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ቅምጥል ሰው ብቻ ነው" እያለ ተሳደበ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ አልቸኮለችም። አፍንጫውን አየችና ተወችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አስኬደችው። ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጭ፣ አንድ መስመር እንዲጽፍ አዘዘችው። ሲራመድ ቀኝ እጁ እንደ ግራው አይወዛወዝም፤ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አብሬው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አላየሁም። ጽሑፉ ደግሞ ትልቅ ሆኖ ይጀምርና ወደ መስመሩ መጨረሻ እየደቀቀ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ትዝ ይልሻል፣ "የወንድምጋሼ ጽሑፍ ለምን ደቀቀ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ "ቀለም እየቆጠበ ነው" ብዬ ቀልጄብሽ ነበር።

ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው ብዙ ጊዜ ማሽተት ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ ከእጁም ከእግሩም በፊት፣ ለዓመታት ሰው ሳያስተውለው። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚያቀል አለ። በዝግታ ነው የሚሄደው፣ ግን አይመለስም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነቱ ይከብደዋል። ወንድምጋሼ ሁሉንም ሰማና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ቁልፍ መያዝ የምችለው እስከ መቼ ነው?" ሐኪሟ "ሰው ከሰው ይለያያል" አለችው። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን የማይናገር ሰው ዋጋው ከባድ ስለሆነ እንደማይናገር አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። አውቶቡስ እየጠበቅን "ለቤት እንዳትጽፊ" አለኝ።

"አብረን ወደ አገር ቤት እንግባ፣ ሱቁን እሸጠዋለሁ" አልሁት። አንዴ ሳይሆን እየደጋገምሁ፣ በደግ ቀንም በክፉ ቀንም። መልሱ አንድ ነው። "እዚያ የሚጠበቀው መካኒኩ ነው። ወለል ተልሶለታል፣ የእትዬ ትልቋ ልጅ ከእሱ ጋር ልትሠራ ትምህርቷን መርጣለች። እኔ አልጋ እንዲነጠፍልኝ አልሄድም።" "እማዬ ልጄ መጣ ብላ ደስ ይላታል" አልሁት። "አንድ ሳምንት ደስ ይላታል። ከዚያ እጄን ማየት ትጀምራለች" አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ልጽፍልሽ ከብዶኝ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። "ዓይኗን ያሠራናት ይህን እንድታይ ነው?" አለኝ።

አሁንም ሥራውን አላቆመም። የሚሸት ነገር ያለበት መኪና ሲመጣ እጁን እየጠረገ መንገዷን ይሻገርና በቀስታ "እስቲ አንዴ ነይ" ይለኛል፤ ደንበኛው እንዳይሰማ። ሄጄ እቀዳለሁ፣ አሸታለሁ፣ በጆሮው እነግረዋለሁ። "ቤንዚን አለው" ወይም "የለውም" እላለሁ፤ ቀሪው የእሱ ነው፣ አሁንም አይስትም። እስከዚህ ድረስ መኖር ይቻላል ብዬ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን አዲስ ሴንሰር ሊያስር ጎንበስ ብሎ፣ የሴንሰሯ ብሎን ጥርስ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለው። ሞከረ፣ አልገጠመም። እንደገና ሞከረ። ጣቶቹ ክፉኛ ይንቀጠቀጡ ነበር። እኔ የሚፈለግ ነገር ያለ መስዬ ወደ ሱቄ ተመለስሁ፤ አንዱን ሳጥን ከፍቼ ምንም ሳላነሳ ዘጋሁት። ስዞር ሴንሰሯን በግራ እጁ ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። አፍንጫዬን አውሼው ነበር፤ እጅ ግን ለሰው አያውሱም።

እንግዲህ እትዬ፣ በሞቴ፣ የምልሽን አድርጊ። አስቤበት ነው፤ ስሜቴ ነድቶኝ አይደለም። ጋራዡን አጥፊው። ወለሉን አታፍርሺ፣ ድካምሽ ነው፤ ግን ጋራዥ መሆኑ ይቅር። ለእህል ነጋዴ አከራዪው፣ ጆንያ ይሙላበት። በሩን ለመኪና አታሠሪው፤ ሰው የሚያስገባ ይብቃው። ከዚያ ለወንድምጋሼ በራስሽ እጅ ጻፊለት። ስለ ሕመሙ እንዳታነሺ፣ እንደማታውቂ ሁኚ። "ለጋራዡ በቂ ደንበኛ የሚመጣ አልመሰለኝም፣ ባለቤቴም ሐሳቡን ቀየረ፣ ለእህል ሰጠሁት፤ ይቅርታ አድርግልኝ" በዪው። ይናደድ። ይሳደብ። ትልቋንም ንገሪያትና ሌላ ጋራዥ ገብታ ትማር፤ አልቅሳ ይውጣላት። አገር ቤት መካኒክ የሚጠብቅ ሰው ካልቀረ፣ ምናልባት ወንድም ሆኖ መምጣት ይቀለዋል። ምናልባት ነው ያልሁሽ። ብልህ ነው፣ ያንን የብየዳ መስመር በአውራ ጣቱ እንዳገኘው ይህንንም ያገኘው ይሆናል። ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አጣሁ፤ እግሩ እየሄደለት እማዬን ያግኛት።

ብዙ ዓመት የቆጠብንበትን፣ አንቺ በፀሐይ ቆመሽ ያሠራሽውን በአንድ ቃል ተዪው ማለቴ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። እኔም ስጽፈው አመመኝ። የጋራዡን ፎቶ የላክሽልኝ ቀን እሱ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት፣ "መሣሪያ እዚህ፣ ዘይት እዚያ" እያለ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። አሁን ፎቶው የለም። መቼ እንዳነሳው አላየሁም፤ የት እንዳደረገውም አልጠየቅሁትም።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ አጭበርባሪውን ከሩቅ ስለሚለይ እህል ነጋዴ መፈለጉን ለእሱ ተዪለት። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የሚከፋትን ቀን አጠገቧ ባለመሆኔ አዝናለሁ። መንትዮቹን በየተራ ሳይሆን በአንድ ላይ ሳሚያቸው፣ እንዳይጣሉ። ጎረቤታችንን፣ እማዬን ሐኪም ቤት የምታደርሳትን፣ ውለታዋን አልረሳሁም በያት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ምንም አትንገሪያት፣ ጠብታዋን ብቻ በሰዓቱ አድርጊላት።

ከወንድምጋሼ የሚላክ ሰላምታ የለም። እንደምጽፍልሽ አያውቅም፤ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ጋራዥ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ።

ታናሽሽ

ከሱቄ ባንኮኒ፣ ኅዳር 14 ቀን